«የዋህ ስለሆነች ነው የተሻላት?»

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ሆዷን ይነፋታል፣ ይቆርጣታል፤ ስንት ዓመት ስትመረመር ቆይታ አይቢኤስ (ሆድ እየቆረጠ አንጀትን የሚረብሽ የቆየ ሕመም) ነው ተባለች። የታዘዘላት ሁሉ አልሆነላትም። ባለፈው ጥር ግን አንዲት ሐኪም አጠገቧ ተቀምጣ ረጅም ሰዓት አዋየቻትና ቫይታሚን ብቻ ሰጥታ መለሰቻት። ከዚያ ወዲህ በጣም ተሽሏታል። ታላቅ ወንድሜ «ድሮም ሕመም የለባትም፤ የዋህ ስለሆነች በባዶ ኪኒን ትታለላለች» ይላል። እሱ ራሱ ወገቡን ያመዋል፤ ምንም መድኃኒት አይሠራልኝም ባይ ነው። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ሲያማት መናገር ትታለች። ለመሆኑ በባዶ መድኃኒት የሚሻላቸው ሰዎች ጠባያቸው የተለየ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ እናትሽ ሕመሟን መደበቋ ነው። ስለዚህ ከወንድምሽ ቃል ልጀምር።

«ድሮም የለባትም» ማለቱ ስህተት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የመንጋጋ ጥርስ ለተነቀሉ ሰዎች ፕላሴቦ፣ ማለትም ፈዋሽ ነገር የሌለበት መድኃኒት ተሰጣቸው። በዚያ የተሻላቸው ሰዎች ናሎክሶን የተባለውን፣ የሞርፊንን (የብርቱውን ሕመም ማስታገሻ) ሥራ የሚያከሽፈውን መድኃኒት ሲወስዱ ሕመሙ እንደገና በረታባቸው። ሰውነታቸው የራሱን ማስታገሻ እያመነጨ ነበር ማለት ነው። የእናትሽም ቁርጠት እውነት ነበር፤ መሻሉም እውነት ነው።

ስለ ጠባይ ደግሞ፣ በራሱ በእናትሽ በሽታ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቴድ ካፕቹክና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 262 የአይቢኤስ ሕሙማንን በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ተራ ብቻ ጠበቁ። ሁለተኛዎቹ ቆዳ በማይወጋ መርፌ የውሸት አኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ እየሰኩ የሚደረግ ሕክምና) ተደረገላቸው፤ ባለሙያው ግን ብዙም አላናገራቸውም። ሦስተኛዎቹም ያው የውሸት መርፌ ነው የደረሳቸው፤ ነገር ግን ባለሙያው መጀመሪያ 45 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ጠየቃቸው፣ አዳመጣቸው፣ አይዟችሁ አላቸው። ከ3 ሳምንት በኋላ በቂ እፎይታ አገኘን ያሉት በቅደም ተከተል 28፣ 44 እና 62 በመቶ ነበሩ።

ቆይቶ ጠባያቸው ሲመረመር፣ ይበልጥ የተሻላቸው ጨዋታ የሚወዱ፣ ከሰው የሚግባቡ፣ አዲስ ነገር የማይከብዳቸው ሆነው ተገኙ። ይህ የታየው ግን በሦስተኛው ቡድን ብቻ ነው። ባለሙያው ዝም ባለበት ጠባይ ለውጥ አላመጣም። እናትሽ ቤት ለመጣ ሁሉ ቡና አፍልታ የምታጫውት ዓይነት ሴት ከሆነች፣ የዚያች ሐኪም ወንበር ስቦ መቀመጥ ምን እንደሠራላት ይገባኛል።

24 ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል ሠርቻለሁ። «መድኃኒቱ ገብቷል፣ አሁን ይለቅሻል» ስላት እጄን ይዛ እንቅልፍ የሚወስዳት ነበረች፤ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው መድኃኒት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምታቃስት ነበረች። ሁለተኛዋን «አስቸጋሪ» እንላት ነበር። ያ ቃል ዛሬ ይቆጨኛል። የእኔ አነጋገር ላይደርሳት ይችላል እንጂ ሕመሟ ያው ሕመም ነበር። የወንድምሽም ወገብ እንዲሁ ነው።

«የዋህ» ስላላት ነገር ደግሞ ልንገርሽ። በ2013 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 50 ጤነኞችን የመንጋጋ ጡንቻቸው ላይ የጨው ውሃ እየሰጡ አሳመሟቸው፤ ከዚያ ፕላሴቦ ሰጧቸው። ይበልጥ የቀለላቸው ከችግር ቶሎ የሚያገግሙ፣ ለሰው የሚያስቡና ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ቁጡዎች ያነሰ እፎይታ አገኙ። እኛ በምርቃት «የዋህ» የምንለው ይህንኑ አይደል? ሆኖም እነዚህ ጠባዮች በአንድ ላይ በሰዎቹ መካከል ከታየው የእፎይታ ልዩነት 25 በመቶውን ብቻ ነው ያብራሩት። ስለዚህ ማንንም ሰው በጠባዩ ብቻ «ይህ ይሻለዋል፣ ያ አይሻለውም» ብሎ መፈረጅ አይቻልም።

«ትታለላለች» የሚለውም አያስኬድም። ካፕቹክ በ2010 እ.ኤ.አ. ለ80 የአይቢኤስ ሕሙማን «ይህ ኪኒን ባዶ ነው» ተብሎ በግልጽ እየተነገራቸው የተሠራ ጥናት አወጣ። ኪኒኑን ከወሰዱት 59 በመቶ፣ ካልወሰዱት 35 በመቶ በቂ እፎይታ አገኘን አሉ። ማንም አላታለላቸውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በ2011 እ.ኤ.አ. አስም ባለባቸው ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ባዶ መተንፈሻ የወሰዱት እውነተኛውን ከወሰዱት እኩል ለማለት በሚቻል መጠን ተሻለን አሉ። ሳንባቸው ሲለካ ግን እውነተኛው መድኃኒት 20 በመቶ ሲያሻሽል ባዶው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ደህና ነኝ ማለትና የሰውነት መዳን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በዚህም የተነሳ የእናትሽ ዝምታ ያስፈራኛል። ሰገራዋ ደም ካለው ወይም ከጠቆረ፣ ሳትፈልግ ከከሳች፣ ደም ማነስ ከተገኘባት፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳት ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ። ቢቻል ወደዚያችው ሐኪም ውሰጃት፤ ወንድምሽም አብሯችሁ ይሂድ፣ ስለ ወገቡም እዚያው ይጠይቃት።