ዳክ፣ ጉግሊ፣ ሆክ-አይ፦ የክሪኬት ጥያቄዎቻችሁና መልሴ

ኢምሬትስ፣ ሻርጃ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ደመወዝ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ጎረቤት ቡና ተጠርተን ቴሌቪዥኑ ላይ ክሪኬት መጣና ወሬው ተቀየረ። አቦሉ ሳያልቅ ጥያቄ ዘነበብኝ። በረካው ሲደርስ ግማሹን እንኳ አልመለስኩም። የቀረውን ልጆቹ ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ።

ተጫዋች እንዳልነበርኩ ይታወቅልኝ። አርብ አርብ ፓኪስታናውያን የሥራ ባልደረቦቼ ሰው ሲጎድላቸው ኳስ አሯሯጭ ያደርጉኝ ነበር። ሱሱ የያዘኝ እንደዚያ ነው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ጨዋታው ራሱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለት ቡድን፣ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው። ሜዳው መሃል 20 ሜትር ከ12 ሳንቲሜትር የሚረዝም የተጠቀጠቀ መሬት አለ፤ ፒች ይባላል። በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨት ቆሟል፤ ስታምፕ ነው። ከላያቸው ሁለት ትንንሽ እንጨቶች ያለ ሙጫ፣ ያለ ሚስማር ተቀምጠዋል፤ እነሱ ቤይል ናቸው። ወርዋሪው እንጨቱን ሊጥል ይመጣል፣ መቺው ይከላከላል፤ ኳሱ እንጨቱን መትቶ ቤይል ከጣለ መቺው ይወጣል። መትቶ ካራቀው ከባልደረባው ጋር ጫፍ ለጫፍ ይለዋወጣሉ፤ አንዴ ሲለዋወጡ አንድ ራን። ኳሱ መሬት ነክቶ ድንበር ካለፈ 4፣ በአየር ካለፈ 6። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ነው።

ጥያቄ፦ «ዊኬት» የሚለውን ሁሌ እሰማለሁ፤ ግን ትርጉሙ ይለዋወጥብኛል።

መልስ፦ አልተሳሳትክም። እንጨቶቹም ዊኬት ናቸው፣ አንድ መቺ ሲወጣም «ዊኬት ወደቀ» ይባላል፣ አንዳንዴ ፒቹንም ዊኬት ይሉታል። እኔም ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጥያቄ፦ ዳክ ማለት ዳክዬ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ነው እንጂ! መቺው አንድም ራን ሳያገባ ሲወጣ ዜሮ ይጻፍለታል። ዜሮ ደግሞ የዳክዬ እንቁላል ይመስላል። በመጀመሪያዋ ኳስ ከወጣ «ወርቃማ ዳክ» ነው፤ ወርቁ የሹፈት ነው።

ትልቁ ዳክ የዶን ብራድማን ነው። አውስትራሊያዊ ነው፤ ከመቺዎች ሁሉ የሚስተካከለው የለም። በ1948 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለንደን ላይ የመጨረሻ የቴስት፣ ማለትም የአገር ለአገር ረጅም ግጥሚያውን ሊጫወት ሲገባ፣ የቴስት አማካዩ (አንዴ እስኪወጣ በአማካይ የሚያገባው ራን) ልክ 100 እንዲሆን 4 ራን ብቻ ይበቃው ነበር። በሁለተኛዋ ኳስ ወጣ። ዜሮ። አማካዩ 99.94 ላይ ቀረ። ያቺ ኳስ ጉግሊ ነበረች።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጉግሊ ምንድን ነው?

መልስ፦ ይሄን አንድ የላሆር ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ብርቱካን ይዞ ነው ያስረዳኝ። በእጅ አንጓ የሚያሾር ወርዋሪ አለ፤ የእሱ ኳስ መሬት ስትነካ ወደ አንድ አቅጣጫ ትታጠፋለች። መቺው እጁን አይቶ ይዘጋጃል። ጉግሊ ሲወረውር ግን አንጓውን አብልጦ ስለሚጠመዝዘው የእጁ ጀርባ ወደ መቺው ይዞራል፤ ኳሷ በተቃራኒው ትታጠፋለች። ብርቱካኗን አሥር ጊዜ ወረወራት፤ አንዴም አልለየኋትም። መጨረሻ ላይ ልጦ በላት።

ዘዴውን ከ1900 ወዲያና ወዲህ ያመጣው ቦዛንኬት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ኋላ በጣት የሚያሾሩትም የራሳቸውን አመጡ፤ «ዱስራ» ይባላል። በኡርዱ «ሁለተኛው፣ ሌላኛው» ማለት ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው አሁን ዱስራ ነው የሚሉት፤ ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ ሃትሪክን ከኳስ ጨዋታ ነው የወሰዱት?

መልስ፦ ኧረ የተወሰደባቸው እነሱ ናቸው። በ1858 ሸፊልድ ላይ ስቲፈንሰን የሚባል ወርዋሪ በተከታታይ ሦስት ኳስ ሦስት ሰው አስወጣ። ተመልካቹ ገንዘብ አዋጥቶ ባርኔጣ ገዛለት። ቃሉ ከዚያ መጣ።

ጥያቄ፦ ኳሱን ሱሪያቸው ላይ ለምን ይፈትጉታል? ልብስ አያበላሽም?

መልስ፦ ያበላሻል፣ በተለይ ቀዩ። ግን ሥራ ነው። ኳሱ ውስጡ ቡሽ፣ ላዩ ቆዳ ነው፤ መሃሉን ስፌት ይዞረዋል። አንዱን ጎን እየወለወሉ ያሳምሩታል፣ ሌላኛው ይሻክራል። ነፋሱ በሁለቱ ጎን እኩል ስለማያልፍ ኳሱ አየር ላይ እያለ ይታጠፋል፤ ስዊንግ ይባላል። ኳሱ አርጅቶ ወርዋሪውም ፈጣን ከሆነ ደግሞ ባልተጠበቀው በኩል ይታጠፋል። ይህን «ሪቨርስ ስዊንግ» የተካኑበት ፓኪስታናውያን ናቸው።

በምራቅ መወልወል ድሮ ይፈቀድ ነበር፤ በኮሮና ጊዜ ታገደ፣ በ2022 ደግሞ ለዘለቄታው ተከለከለ። ላብ ይቻላል። ማሻከሪያ ወረቀት ግን ጉድ ያመጣል፦ በ2018 ኬፕታውን ላይ አውስትራሊያኖች በካሜራ ተያዙና አምበላቸው ስቲቭ ስሚዝ ለ1 ዓመት ታገደ።

ጥያቄ፦ ኳሱ እግር ላይ ቆሞ እያለ «እንጨቱን ይመታ ነበር» የሚሉት በምን አውቀው ነው? ጥንቆላ ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ህጉ «እግር ከእንጨት ፊት» ነው፤ እግርህ ባይከልላት ኳሷ እንጨቱን ትመታ ነበር ከተባለ ትወጣለህ። ድሮ የዳኛ ዓይን ብቻ ነበር፤ ጭቅጭቁን ተዉት። አሁን ሆክ-አይ አለ፣ የጭልፊት ዓይን እንደማለት። ሜዳውን የከበቡ ካሜራዎች ኳሷን ከየአቅጣጫው ያነሷታል። ኮምፒዩተሩ ምስሎቹን አገናኝቶ ኳሷ በየቅጽበቱ የት እንደነበረች ያሰላል፤ ከዚያ ያልሄደችውን መንገድ ይቀጥልላታል። መጀመሪያ በቴሌቪዥን የታየው በ2001 ሎርድስ በሚባለው የለንደን ክሪኬት ሜዳ ላይ፣ እንግሊዝ ከፓኪስታን ሲጫወቱ ነው። ኋላ ቴኒስ ወሰደው፤ በ2013 ፕሪሚየር ሊግ ጎል መግባት አለመግባቱን የሚለይበት ስልት ሆኖ ገባ። እዚህ ደሴ «መስመር አልፏል፣ አላለፈም» እያልን የምንጣላበትን የፈታው የክሪኬት እቃ ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ስሌቱ ኳሷ እንጨቱን ጨረፍ ብቻ እንደምታደርግ ካሳየ ዳኛው መጀመሪያ ያለው ይጸናል። አንዷ ኳስ ታዲያ በአንዱ ዳኛ ታስወጣለች፣ በሌላው አታስወጣም! ስሌቱ ራሱ ትንሽ ስለሚስት ነው ይላሉ። ይሁን።

ጥያቄ፦ ዱላው ኳሷን በጣም ትንሽ ቢነካትስ፣ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ እንጨቱ ሥር ማይክ አለ። ድምፁ በመስመር ተስሎ ከዝግታ ምስሉ ጋር ይታያል። ሙቀት የሚያይ ካሜራም አለ፤ ኳስ የነካው ቦታ ነጭ ሆኖ ይበራል። ቤይሎቹ መብራት የሚያበሩት ደግሞ ከቦታቸው ሲለቁ ነው፤ ለዓይን ያምራል።

ጥያቄ፦ እንደኛ ክረምት ቢዘንብስ?

መልስ፦ በ1992 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካ በ13 ኳስ 22 ራን ቀርቷት ሳለ ዘነበ። ሲያባራ በያኔው ህግ 1 ኳስ ብቻ ቀረላት፤ የሚፈለግባት ግን 21 ራን። በአንድ ኳስ! ከዚያ በኋላ ዳክዎርዝና ሉዊስ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የስታቲስቲክስ ሰዎች አዲስ ስሌት አመጡ፤ በ1997 ሥራ ጀመረ። ስሌቱ ሁለት ነገር ያያል፦ ስንት ኦቨር ቀረህ፣ ስንት መቺ ቀረህ። ጎተራ ውስጥ የቀረውን እህልና እስከ አዝመራ የቀረውን ወር አይተህ እንደምትመትር በለው።

ጥያቄ፦ እኛስ መጫወት እንችላለን?

መልስ፦ አብሽሩ፣ ቀላል ነው። በእውነተኛው ኳስ ግን እንዳትጀምሩ፤ ከ156 እስከ 163 ግራም ይመዝናል፣ ድንጋይ በሉት። ሻርጃ የምንጫወተው በቴኒስ ኳስ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ቴፕ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ነው። ግማሹን ብቻ ከጠቀለላችሁት ስዊንግም ያደርጋል። ለዱላው ጣውላ፣ ለእንጨቶቹ የለስላሳ ሳጥን ይበቃል። ቦታ ስትመርጡ ብቻ ተጠንቀቁ። ደሴ ዳገት ናት፤ ጥሩ የመታ ልጅ ካለ ኳሷን ቦርከና ወንዝ ነው የምትፈልጓት።