ስልኬ እስከ ማታ አይደርስልኝም

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ስልክ ባትሪ ናቸው። ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይተን ዛሬ ስለ እሱ ብቻ እናውራ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ሐሳባቸውን ግን አልነካሁም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ራይድ እሠራለሁ። ስልኬ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ዳሽቦርድ ላይ ነው የሚውለው፣ ቻርጀሩም እንደተሰካ ነው። ከገዛሁት ዓመት አልሞላውም። አሁን ከቻርጀር ከነቀልኩት ሁለት ሰዓት አይቆይም። ጥፋቱ የፋብሪካው ነው ወይስ የኔ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁለታችሁም በፊት ስልኩ የሚውልበትን ቦታ ነው የምጠረጥረው። መስታወቱ ፀሐይዋን ያስገባል፣ ሙቀቱን ግን እንደገባ አያስወጣውም። በዚያ ላይ ስልኩ ራሱ ይሞቃል። ጂፒኤሱ እየሠራ ነው፣ ስክሪኑ በፀሐይ እንዲታይህ እስከ መጨረሻው በርቷል፣ ቻርጅም እየገባ ነው። አንዱ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር፣ አንተ ጋ ግን ሁሉም በአንድ ላይ፣ ያውም በቀን 15 ሰዓት።

የስልክ ባትሪ ሊቲየም አየን ይባላል፣ ውስጡ ኬሚካል ነው። ሙቀት ሲበዛበት የማይፈለጉ የኬሚካል ለውጦች ይፋጠኑና ከሊቲየሙ የተወሰነውን ይዘው ያስቀሩታል። የተያዘው ተመልሶ አያገለግልም። ጀሪካን አስብ። 5 ሊትር ይይዝ የነበረው አሁን 3 ሊትር ብቻ የሚይዝ ሆኗል። ስልክህ 100 ብሎ ሞላሁ ሲልህ አልዋሸህም፣ የሞላው ግን ያ ያነሰው ጀሪካን ነው።

አፕል ለአይፎን ያስቀመጠው የአጠቃቀም ልክ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ከ35 በላይ ከሆነ ባትሪው ለዘለቄታው ሊጎዳ እንደሚችልም ይናገራል። የአንድሮይዱም ባትሪ ያው ሊቲየም ስለሆነ ነገሩ እሱንም ይመለከታል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። አዲስ አበባ ደጋ ናት ብለህ አትዘናጋ። አየሩ ቢቀዘቅዝም ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ትበረታለች፣ መስታወት ሥር ያለ ነገር ደግሞ የውጭውን አየር አያውቀውም።

እንዳንተው የሚሠራ አንድ ወዳጄ ጋ ቦሌ መንገድ ላይ ትራፊክ ይዞን ስልኩን ከማስቀመጫው አንስቶ ሲያቀብለኝ፣ ልክ ከድስት እንደወጣ ድንች ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥኩ ነበር የያዝኩት። ካቨሩ ወፍራም ጎማ ነው። ካቨሩን አወለቅን፣ ማስቀመጫውን ከመስታወቱ ሥር ነቅለን ንፋስ የሚወጣበት ላይ ሰካነው፣ ቀዝቃዛውንም ከፈትንለት። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ጀርባው ለብ ብሎ ቀረ። ሙቀቱ በዝቶበት ራሱን ያደበዘዘው ስክሪንም መልሶ ፈካ።

አንተም ከዚያ ጀምር። ካቨሩን ሥራ ላይ አውልቀው፣ ንፋሱ ላይ ስቀለው (የሚወጣው ሙቅ አየር ከሆነ ግን አይሆንም)፣ ደንበኛ ስትጠብቅ ጥላ ፈልግና ቁም። ቻርጀሩ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ አይዋል። 30 ወይም 40 ላይ ስካ፣ 80 ሲደርስ ንቀል። ሙሉ ሆኖ መቆየትና ሙቀት ሲገናኙ ነው ባትሪ በጣም የሚጎዳው። ስልክህ ውስጥ ቻርጅን 80 ላይ የሚያቆም ሴቲንግ ካለ እሱን ክፈተው፣ አንተ ማስታወስ አይጠበቅብህም። ሳምሰንጎች ላይ አለ፣ አይፎን 15ና ከዚያ በኋላ የወጡት ላይም አለ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ የጋለ ስልክ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። ውስጡ ውሃ ያዥበታል፣ ያኔ ከባትሪው አልፎ ስልኩንም ታጣዋለህ።

አሁን ያለው ባትሪ ግን አይመለስም፣ መቀየር አለበት። ስትቀይር ርካሹን አትይ። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት "ኦሪጅናል ነው" ተብዬ ያስገባሁት ባትሪ 40 ላይ እያለ ድርግም ይል ነበር። ዋስትና በጽሑፍ የሚሰጥህ ቤት ሂድ፣ ለሁለት ሳምንትም አስተውለው።

ጥያቄ፦ ሰሜን ወሎ ገጠር ውስጥ መምህርት ነኝ። ደሴ ስገባ ስልኬ ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ትምህርት ቤት ስመለስ ግን ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ሳልነካው ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ቻርጅ የማደርገው በሶላር ነው፣ ደመና ሲሆን እሱም የለም።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ መልሱ አለ። "ሳልነካው" ብለሻል። አንቺ ባትነኪውም እሱ እየሠራ ነው፣ ኔትወርክ ፍለጋ ላይ ነው።

ስልክ ከኔትወርክ ማማው ጋር የሚነጋገረው ሬዲዮ ስለሆነ፣ ማማው ሲርቅ ወይም ተራራ ሲከልለው ድምፁን ከፍ አድርጎ መጮህ ግድ ይሆንበታል። 2ጂ ላይ ይህ ጩኸት በቅጽበት እስከ 2 ዋት ሊደርስ ይችላል። ማማው አጠገብ ሲሆን የሚበቃው ከዚያ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ኔትወርኩ ሲጠፋበት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ደጋግሞ ይፈልጋል። 4ጂ አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ በሚልበት ቦታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል። ሁለት ሲም ካለሽ ይህ ሁሉ ይበልጥ ይበዛል።

ስለዚህ ክፍል ስትገቢ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው። ሬዲዮው ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ ሰዓቱም ካልኩሌተሩም ይሠራሉ። እረፍት ላይ ከፍተሽ መልእክትሽን ትቀበያለሽ። እዚያ አካባቢ የማይሠራ ሲም ካለሽ ከሴቲንግ አጥፊው፣ አውጥተሽ መጣል አያስፈልግም። ሞባይል ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ገብተሽም 4ጂውን ትተሽ ሳይቆራረጥ የሚይዘውን ምረጪ፣ 3ጂም ይሁን 2ጂ። ደሴ ስትገቢ ትመልሺዋለሽ። ስልክ የማትዘጊበት ምክንያት ካለሽ ደግሞ፣ ቤተሰብ ይደውል ይሆናል ብለሽ ማለቴ ነው፣ ከቦርሳ አውጥተሽ መስኮት ላይ አስቀምጪው። አንድ ተጨማሪ የኔትወርክ መስመር ማግኘት እንኳ ለባትሪው ትልቅ ነገር ነው።

ሶላሩን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ሲያደርግ ያየሁት ስህተት አለ። ሶላሩን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ስልኩን እዚያው ጎኑ ያጋድሙታል። ፀሐይ የምትፈልገው ለሶላሩ ብቻ ነው። ገመዱ እስከደረሰ ድረስ ስልኩን ጥላ ውስጥ አስገቢው፣ ወይም ነጭ ጨርቅ ጣል አድርገሽ ከላዩ ጋርጂለት፣ ጨርቁ ግን ስልኩን አይጠቅልለው።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምኖረው። አዲስ ስልክ ስገዛ ሻጩ "መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ አድርጊው፣ ከዚያ በኋላ እስኪዘጋ ሳትጠቀሚ አትሰኪው" አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ምክሩ የድሮው የኒኬል ባትሪ ምክር ነው። ያ ባትሪ በግማሽ እየተሞላ ሲለመድ አቅሙ የወረደ ይመስል ነበር። ሊቲየም አየን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ሶኒ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበው ቆይቷል፣ ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ሦስት ሳይንቲስቶችም በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል፣ ምክሩ ግን አሁንም ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። ያንቺ ባትሪ የሚወደው ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ መብላት ነው። ዛሬ 50 ነገ 50 ብትሞዪው የሚቆጠረው አንድ ዙር ነው። እስኪዘጋ መጠበቅ እንዲያውም ይጎዳዋል። አንቺ ካለሽበት አገር አንጻር ግን አንድ ነገር ልጨምር። የበጋ ቀን ስልክሽን መኪና ውስጥ ትተሽ አትውረጂ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ልጆቼ ስልክ ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አታሳድር ይሉኛል። እኔ ደግሞ መብራት ያለው ሌሊት ነው።

መልስ፦ አባቴ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ሞልተው ማደርዎ ትክክል ነው። ስልኩ 100 ሲደርስ ራሱ ያቆማል፣ አይፈነዳም። ሞልቶ ማደሩ ባትሪውን በጥቂቱ ቢያስረጀውም ጠዋት ስልክ አጥቶ ከመዋል ይሻላል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስልኩ ትራስ ሥር ወይም ብርድ ልብስ ላይ ሆኖ ቻርጅ አይደረግ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ጠረጴዛ ላይ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀሉት፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩት። መብራት የሚመለስበት ቅጽበት ላይ ኃይሉ ሊዘል ይችላል፣ ብዙ ቻርጀር የሚቃጠለው ያኔ ነው።

ቻርጀርዎ ደህና መሆኑን የሚያውቁበት ቀላል መንገድም አለ። እንደተሰካ ስልኩን ይንኩት። ያልነኩትን እየከፈተ፣ ፊደል እየዘለለ ካስቸገረና ሲነቅሉት ከተስተካከለ፣ ችግሩ የስልኩ ስክሪን ሳይሆን የቻርጀሩ የተበጠበጠ ኃይል ነው። እሱን ቻርጀር ይጣሉት።

ጥያቄ፦ የስልኬ ጀርባ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ግን ይሠራል። ልጠቀምበት?

መልስ፦ አትጠቀሚበት! ባትሪው ውስጥ ጋዝ ተፈጥሮ አብጧል ማለት ነው። የእናቴ ስልክ ላይ ያየሁት ነው። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተን ጫፉን በጣት ስንጫነው እንደ እንዝርት ዞረ፣ በጎኑም ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። አሁኑኑ አጥፊው፣ ቻርጅ ላይ አታድርጊው፣ ተጭነሽ ለመመለስ አትሞክሪ፣ መርፌማ በፍጹም። ከተበሳ እሳት ነው። ከሚቃጠል ነገር አርቀሽ አስቀምጪና ወደ ባለሙያ ውሰጂው። ቆሻሻ ውስጥም አይጣል፣ ልጆች ያነሱታል።

ጥያቄ፦ ዳርክ ሞድ ባትሪ ይቆጥባል? አፖችን ጠርጌ መዝጋትስ? ባትሪ የሚቆጥብ አፕ ላውርድ?

መልስ፦ ዳርክ ሞድ፣ ስክሪኑን ጥቁር የሚያደርገው ማለት ነው፣ ጥቅሙ እንደ ስክሪኑ ዓይነት ነው። ኦሌድ ከሆነ አዎ፣ ጥቁሩ ቦታ ላይ መብራቱ ስለሚጠፋ። ኤልሲዲ ከሆነ ከኋላ ያለው መብራት ሁሌም ስለሚበራ ለውጥ የለውም። እኛ ጋ ብዙ ሰው የያዛቸው አይፎን 11 እና ኤክስአር ኤልሲዲ ናቸው፣ አይፎን 12 ኦሌድ ነው። በርካሽ የሚሸጡት የቴክኖና የአይቴል ስልኮችም ብዙዎቹ ኤልሲዲ ናቸው። እነሱ ላይ የሚጠቅምህ ብራይትነሱን መቀነስ ነው። አፖችን እየጠረጉ መዝጋት አይጠቅምም፣ መልሶ መክፈቱ የባሰ ይበላል። ቆጣቢ ነኝ የሚለውን አፕ ተወው፣ እሱ ራሱ ከኋላ ሆኖ የሚሠራ፣ ማስታወቂያ የሚያወርድ ነው። ይልቅ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ክፈትና ማን ስንት እንደበላ ተመልከት። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዲወርድ የተፈቀደ ከሆነ ዝጋው። ሃያ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ተኝቶ ሳለ ስልኩ ሲያወርድለት ያድራል።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለገና አገር ቤት ስመጣ ለቤተሰብ ፓወር ባንክ ላመጣ ነው። ስንት የሚል ልግዛ?

መልስ፦ ለአንድ ሰው 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) ይበቃል። ሙሉው ግን ስልኩ ውስጥ አይገባም፣ በመንገድ የሚባክን አለ። 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ አንዴ ሞልቶ ጥቂት ይተርፈዋል ብለህ አስላ። መብራት ለሁለት ቀን ለሚጠፋበት ቤት 20,000 ይሻላል። ከ27,000 በላይ አትግዛ፣ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፣ 27,000 እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው፣ በእጅ ነው የሚያዘው። መጠኑ ሳጥኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ፓወር ባንኩ ላይም በግልጽ የተጻፈ ይሁን፣ ጽሑፉ ከሌለው ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩብህ ይችላሉ። "50,000" ተብሎ በኪስ የሚገባ ካየህ ደግሞ በእጅህ መዝነው። እውነተኛው 10,000 እንኳ 200 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ገመዱንም ሁለት ሁለት አድርገህ ያዝ፣ አገር ቤት መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው።