ጥያቄ አለኝ፦ መርከቦቹ አሉ፣ ተጫዋች ግን የለም

ዘንድሮ ምን እንደነካችሁ አላውቅም፣ በዚህ ወር ከመጡት ጥያቄዎች ሦስቱ አንድ ነገር ላይ ናቸው፣ ጠረጴዛ ላይ በትናንሽ የጠፈር መርከቦች ስለሚጫወቱት ጌም። እኔ ደሞ በዚ ጉዳይ ገለልተኛ አይደለሁም፣ ቤቴ ውስጥ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ አለኝ፣ ስለዚ ካዳላሁ ከአሁኑ ይቅርታ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለአዘጋጁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የጌም ሱቅ ገብቼ የጠፈር መርከብ ሚኒየቸሮች (ትናንሽ ሞዴሎች) ያሉበት ካርቶን አየሁና ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ገዛሁት፣ ኤክስ ዊንግ የሚባለውን የስታር ዋርስ ፊልም ጌም። አንዳንዴ አውጥቼ አያቸዋለሁ ደስ ይላሉ፣ ግን እስካሁን አንዴም በደንብ አልተጫወትኩም። ሱቁ ጋ ሁለት ዓርብ ማታ ሄጄ ሁሉም ሰው ካርድ ላይ ተደፍቶ ቀና ብሎ ያየኝም የለ፣ አፍሬ ኮካ ገዝቼ ወጣሁ። ባለቤቴ "ዕቃ ዕቃ ልትጫወት ነው?" ትለኛለች፣ ጓደኞቼ ኳስና ካርታ ብቻ ናቸው። ፕሌይስቴሽን አለኝ፣ እሱ ላይ የጠፈር ጌም ሞልቷል፣ ታዲያ የዚኛው ምኑ ነው እንዲህ የሚስበኝ? ሰውስ ከየት ላምጣ? ጌሙ ተቋርጧል ሲሉም ሰምቻለሁ፣ ልሽጠው እንዴ?

መልስ

አትሽጠው ወንድሜ። ተቋረጠ የሚባለው እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፣ በ2018 ሁለተኛ እትም መጣለት፣ በ2024 ደሞ ኩባንያው ከእንግዲህ አዲስ ነገር አልሠራለትም ብሎ ተወው። ግን ይሄ ሰርቨር ሲዘጋ አብሮ የሚሞት ጌም አይደለም፣ መርከቦቹ ያንተ ናቸው፣ ደንቡ እጅህ ላይ ነው፣ ማን መጥቶ ይዘጋዋል። እንደውም ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተሰብስበው እያስኬዱት ነው።

ምኑ ነው የሚስበኝ ላልከው፣ ሰው ብዙ ነገር ይላል፣ ቀለም መቀባቱ ነው፣ ፊልሙ ነው፣ የልጅነት ትዝታ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ሁሉም አለበት። ለኔ ግን ዋናዋ ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ክብ ዲስክ ናት። እያንዳንዱ መርከብ የራሱ ዲስክ አለው አይደል፣ ቀጥ ልበል፣ በሰፊው ልጠምዘዝ፣ በአጭሩ ልታጠፍ፣ በስንት ፍጥነት የሚለውን በድብቅ ታዞርና ደፍተህ ታስቀምጣታለህ፣ ያኛውም እንደዛው፣ ከዛ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም። ሲገለጥ ነው ጉዱ። ቼዝ ላይ አንተ ካንቀሳቀስክ በኋላ ነው እኔ የማስበው፣ እዚ ግን ሁለታችንም ሳንተያይ ወስነን ነው የምንገናኘው፣ ስለዚ የምታጠናው ጠረጴዛውን ሳይሆን ሰውየውን ነው፣ ይሄ ሰውዬ ይደፍራል ወይስ ይሸሻል፣ ባለፈው ወደ ቀኝ ስለሸሸ አሁንም ይደግመዋል ወይስ እኔ እንደዛ እንደማስብ ገብቶታል እያልክ። አንዳንዴ ደሞ የገዛ መርከብህ ከገዛ መርከብህ ጋር ይጋጭና ዙሩ ይበላሽብሃል፣ በማን ታመካኛለህ? ፕሌይስቴሽኑ ይሄን አይሰጥህም፣ ዲስኩ ሲገለጥ ፊቱ አይለዋወጥማ። (ነገሩ ከጠፈርም አልተጀመረም፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት ጣልያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች የሠሩት በካርድ የሚበረር ጌም ነበር፣ ሥሩ እሱ ነው።)

ሌላው ደስ የሚለው ነገር ፍጥነት ነው፣ እሱን ግን በደንብ የምታየው ኤክስ ዊንግ ላይ ሳይሆን ፉል ትረስት የሚባል የቆየ የእንግሊዞች ጌም ላይ ነው (ትረስት እዚ ጋ የሞተር ግፊት ነው እንጂ መተማመን አይደለም፣ መተማመን እንኳን ጭራሽ የለበትም)። ጆን ተፍሊ የሚባል ሰው ነው ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991፣ ደንቡ አሁን በነፃ በፒዲኤፍ ይወርዳል። እዛ ላይ በዲስክ ፋንታ ትዕዛዝህን በድብቅ ወረቀት ላይ ትጽፋለህ፣ መርከብህ ደሞ ባለፈው ዙር የሄደበትን ፍጥነት አይረሳም። ፍጥነቱ 12 ከሆነና ግፊቱ 4 ከሆነ ለማቆም ሦስት ዙር ይፈጅብሃል፣ 12፣ 8፣ 4፣ ከዛ ዜሮ፣ እስከዛ ድረስ ከእንጦጦ ቁልቁል እንደሚወርድ የተጫነ ሲኖ እየሄድክ ነው። መታጠፍ ካማረህ ደሞ ከግፊቱ ግማሹን ብቻ ነው ለመታጠፊያ የምታውለው። ከሦስት ዙር በፊት የሠራኸው ስህተት አሁን መጥቶ ይበላሃል፣ እያየኸው።

እዚ ጋ የአክስቴን ባል ካላነሳሁ ነገሩ አይሟላም። ጋሼ ዋሽንግተን አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዳ ሰው ነው፣ ጌም የሚባል ነገር ነክቶ አያውቅም፣ አንድ እሁድ ከቡና በኋላ በግድ አስቀመጥኩት። ፉል ትረስት ላይ አቅጣጫ እንደ ሰዓት ፊት ነው ለ12 የሚከፈለው፣ እኔም ላግዘው ብዬ "ጋሼ ጠላትህ በ2 ሰዓት በኩል ነው ያለው" አልኩት፣ በፈረንጅ ሰዓት፣ ከፊቱ ወደ ቀኝ ማለቴ ነው። እሱ ደሞ በኛ ሰዓት ገባውና ቆጣሪው 8 ላይ ያለበትን፣ ማለትም የግራ ኋላውን አሰበ፣ ትዕዛዙንም "ወደ ግራ" ብሎ ጻፈ። እኔ ወደኔ ይዞራል ብዬ ፍጥነቴን ቀንሼ ልቀበለው ተዘጋጅቻለሁ። ወረቀቱ ሲገለጥ እሱ የለም! ሄዷል። ተጽፏልና መሰረዝ አይቻልም፣ ሁለት ዙር ቆይቶ ተጠማዞ ከጀርባዬ መጣ፣ የኔ መሣሪያ አንዱም ወደ ኋላ አይተኩስም። "ጣና ነሽ" ያልኳት ትልቋ መርከቤ እዛው አለቀች። ጋሼ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "አንተ'ኮ ሁሌም ሰው ወዳንተ የሚመጣ ነው የሚመስልህ።" እስካሁን ይቆጠቁጠኛል፣ ምክንያቱም ጌሙን ብቻ አልነበረም ያለኝ። ከዛ ወዲህ ቋሚ ተጫዋቼ እሱ ነው።

እና ሰው ከየት ላምጣ ላልከው መልሱ ከዚሁ ይጀምራል፣ አንተ "ተጫዋቾች" ነው የምትፈልገው፣ የሚያስፈልግህ ግን አንድ ሰው ነው። ካርቶንህ ውስጥ ሦስት መርከብ አለ፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሁለቱንም ወገን አንተ አዘጋጅተህ፣ ደንቡን አንተ ይዘህ፣ እሱ ባዶ እጁን ይምጣ። ሰው "ግዛና ና" ከተባለ አይመጣም፣ "ቁጭ በል አንድ ሰዓት አይፈጅም" ከተባለ ግን ይቀመጣል። መጀመሪያ ቀን ደንቡን በሙሉ አታስተምር እባክህ፣ ዲስክ አዙር፣ አንቀሳቅስ፣ ተኩስ፣ በቃ። ሲሳሳት ደሞ ደንብ እየጠቀስክ አትረመው፣ ሰው የሚሸሸው ከዛ ነው።

ሱቁን በተመለከተ ቀኑን ነው የሳትከው። ዓርብ ማታ እዛ አገር ብዙ ሱቅ ውስጥ ማጂክ የሚባለው የካርድ ጌም ማታ ነው፣ ሠርግ ቤት ገብተህ የሚያስታምም ሰው እንደ መፈለግ ነው። ደውለህ "የሚኒየቸር ማታ መቼ ነው" በል፣ ብዙውን ጊዜ ዋርሀመር የሚባለውን የሚኒየቸር ጦርነት ጌም የሚጫወቱት የሚሰበሰቡበት ቀን ነው፣ የዛን ቀን ሂድና በር አካባቢ ያለ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ተቀመጥ፣ ብቻህንም ቢሆን። ሰው ይመጣል፣ ማየት ነፃ ነው። አንድ ሚስጥር ልንገርህ፣ ፀጉራቸው ሸበት ያሉትን የዋርሀመር ሰዎች "ባትልፍሊት ጎቲክ ተጫውተህ ታውቃለህ?" በላቸው። ዋርሀመርን የሚሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 አውጥቶት በኋላ ያቆመው የጠፈር መርከብ ጌም ነው፣ ስሙን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል፣ ግማሾቹ ቤዝመንት ውስጥ ሙሉ መርከብ አቧራ እየጠጣባቸው ነው። ተጫዋች ጠፍቶ አይደለም፣ እነሱም እንዳንተ ሰው የለም ብለው ካርቶን ዘግተው ተቀምጠው ነው። የሱቁን ዲስኮርድም (የኦንላይን መወያያ ግሩፓቸውን) ግባበት፣ ግን "የሚጫወት አለ?" ብለህ አትጻፍ፣ "ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለት ሰው የሚበቃ መርከብ ይዤ እመጣለሁ" በል፣ ልዩነቱን ታየዋለህ።

መኪና ካለህ ደሞ ሐምሌ አካባቢ ፔንሲልቬንያ ላንካስተር ላይ ሂስቶሪኮን የሚባል ትልቅ የሚኒየቸር ጉባኤ አለ፣ ካንተ ሰፈር ሁለት ሰዓት ገደማ መንዳት ነው፣ ስሙ እንደሚለው የታሪክ ጦርነት ነው የሚበዛው ግን ፕሮግራሙን ብታየው ሌላም ይገባል፣ ጠረጴዛውንና መርከቡን አዘጋጁ ነው የሚያቀርበው፣ አንተ መቀመጥ ብቻ።

ለባለቤትህ "አዎ ዕቃ ዕቃ ነው" በላት፣ ነው'ኮ። ከዛ ዳይሱን እሷ ትጣልልህ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ጋሼ እንደምን አለህ። ዩቲዩብ ላይ ሰዎች በጠፈር መርከብ ሚኒየቸር ሲጫወቱ አየሁና ሱስ ያዘኝ ማየቱ። እዚ ግን የሚሸጥበት ሱቅ አላገኘሁም፣ ከውጭ ላስመጣ ብል ዶላሩም ቀረጡም አይቀመስም። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ

ኧረ ምን ተስፋ ያስቆርጣል፣ አንተ እንደውም ከሁላችንም በርካሽ ትጀምራለህ። ዳማ በምንድነው የምንጫወተው? በቆርኪ። ቆርኪ ደሞ ተስማሚ የጠፈር መርከብ ነው፣ ላዩ ላይ ቀስት የተሳለበት ወረቀት ለጥፍበት፣ ቀስቱ አፍንጫው ነው፣ የቢራው ትልቅ መርከብ፣ የለስላሳው ትንሽ መርከብ በል፣ አለቀ። ከላይ ያልኩትን ፉል ትረስት በነፃ አውርደው፣ ርቀቱን በኢንች ካደረግከው ትልቅ ጠረጴዛ ይጠይቅሃል፣ ደንቡ ግን መለኪያውን ላንተ ነው የተወው፣ በሴንቲ ሜትር አድርገውና ማስመሪያ ይዘህ የዶርም ጠረጴዛ ላይ ትጫወታለህ። ጥቁር ጨርቅ ላይ በጥርስ ብሩሽ ነጭ ቀለም ብትረጭበት ኮከብ ይሆናል (ክፍሉ ውስጥ አትርጭ፣ እኔ ግድግዳ አበላሽቻለሁ)። ዳይሱን ከሉዶ ውሰድ። ተራው መሣሪያ እንደዚ ነው የሚሠራው፣ 1፣ 2፣ 3 ከመጣ ሳተ፣ 4 ወይ 5 አንድ ጉዳት፣ 6 ሁለት ጉዳት፣ ቀሪውን በእንግሊዝኛ ከማስነበብ አንድ ገጽ ላይ በአማርኛ ጽፈህ ፎቶ ኮፒ አድርግ። መብራት ሲጠፋም አይቋረጥም ይሄ ጌም፣ ሻማ ካለ።

ሰው ለማግኘት ቼዝ የሚጫወቱትን ያዝ፣ ግን "አዲስ የፈረንጅ ጌም" ብለህ አትጀምርላቸው፣ ስለ ሰንጠረዥ አንሳላቸው። የጥንቱ የኛ ሰንጠረዥ ላይ መጀመሪያ "ወረራ" የሚባል ነበረው፣ የመጀመሪያው መብላት እስኪሆን ድረስ ተራ የሚባል የለም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል እንደገና ይሠራል። በአንድ ጊዜ መንቀሳቀስ የሚለው ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም ማለቴ ነው፣ ልዩነቱ እዚ በድብቅ መጻፉ ብቻ ነው። ከዛ ደሞ ሰማይ ሰማይ የሚያዩ ልጆች አሉ፣ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ ውስጥ ክበብ ካለው ሂድ፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 ስትወጣ ያለቀሱት አይነት ልጆች ከሆኑ የቆርኪ መርከብ አይገርማቸውም። ቴሌግራም ግሩፕ ክፈት፣ ግን አራት ሰው ሳይሞላ እንዳትከፍተው፣ ባዶ ግሩፕ ያሳፍራል። እስከዛ ከአንድ ጓደኛህ ጋር በየሳምንቱ አንድ ቀን ቆርጣችሁ ላውንጅ ውስጥ ሰው በሚያያችሁ ቦታ ተጫወቱ፣ ቀኑን አትቀያይሩት፣ ሐሙስ ከሆነ ሐሙስ ነው።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት፣ እናት)

የ15 ዓመት ልጄ ለልደቱ የጠፈር መርከብ የሚያትም ስሪዲ ፕሪንተር ግዢልኝ እያለኝ ነው፣ በሬዚን (በሚደርቅ ፈሳሽ ፕላስቲክ) የሚሠራውን። ልግዛለት ወይ? ክፍላችን ጠባብ ነው።

መልስ

እህቴ፣ ልጅሽ አላበደም፣ ለትናንሽ መርከብ ሬዚኑ በጣም ጥርት ያለ ነገር ያወጣል። ግን ጠባብ ክፍል ካላችሁ እኔ አልገዛለትም፣ ያልደረቀው ሬዚን ቆዳ ላይ አለርጂ ያመጣል፣ ሽታውም ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ ጓንትና መስኮት ያለው ለብቻው የሆነ ቦታ ይፈልጋል፣ ወጥ ቤትና መኝታ ቤት ጭራሽ አይሆንም። በፕላስቲክ ክር የሚሠራው ፕሪንተር ይሻላችኋል፣ ትንሽ መስመር መስመር ይታይበታል እንጂ ከአንድ ሜትር ርቀት ማንም አያየውም። ወይ ደሞ መጀመሪያ ሁለት ሦስት መርከብ ከሚያትም ሰው አሠሪለትና አብሮት የሚጫወት ጓደኛ ማግኘቱን እይ። ሬዚኑን የግድ ካለሽ የታተመው መርከብ የታጠበበትን አልኮል ሲንክ ውስጥ እንዳይደፋው፣ ዕቃ ውስጥ አጠራቅሞ እናንተ ጋ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበሉበት ቦታ ይውሰደው።