ከጣና ዳር ስለ ህትመት ጥበብ፦ ጠይቃችሁኛል፣ እመልሳለሁ

ባለፈው ሰሞን «ስለ ህትመት ጥበብ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። አብዛኞቹ ውስጥ አንድ ስጋት አለ፦ «ባሕር ዳር ላይ ማሽኑ የለ፣ ቀለሙ የለ፣ ወረቀቱ የለ፤ እንዴት ይሆናል?» ይሆናል። እንጨቱም፣ ተልባውም፣ የጥራዝ ሙያውም እዚሁ አለ። የሚጎድለን ሞክሮ መመዝገብ ነው።

«ጋሼ፣ ፕሪንት ሜኪንግ (የህትመት ጥበብ) ከማተሚያ ቤት ሥራ በምን ይለያል?» (ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሚማር)

ማተሚያ ቤት ያለቀ ሥዕል ተቀብሎ ያባዛል። እዚህ ግን ሥዕሉ የሚወለደው ማተሚያው ገጽ ላይ ነው። እንጨት ወይም ላይኖሊየም (ለወለል የሚነጠፈውን ለስላሳ ንጣፍ) ትቀርጻለህ፤ ሳይነካ የቀረው ከፍታ ቀለም ይቀበላል፤ ወረቀት ታለብሰዋለህ። መዳብ ወይም ዚንክ ሲሆን ተቃራኒው ነው። ቀለሙ የሚገባው የተጫረው መስመር ውስጥ ነው። ገጹ ይወለወላል፤ ከዚያ እርጥብ ወረቀት በከባድ ጫና ቀለሙን ከውስጥ ስቦ ያወጣዋል። ሊቶግራፊ፣ ድንጋይ ላይ በቅባት ተሥሎ የሚታተመው፣ የሚሠራው ቅባትና ውሃ ስለማይዋሃዱ ነው። ስክሪን፣ ቀለሙ በተወጠረ ስስ ጨርቅ የሚያልፍበትን፣ ደግሞ ቲሸርት የሚያትሙት ልጆች በየሰፈሩ ያውቁታል።

«ይሄ ነገር ለእኛ አዲስ ነው አይደል? ከውጭ የመጣ?»

ያን ያህል አዲስ አይደለም። በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። በ1548 እና በ1549 ደግሞ እዚያው ሮም የነበሩት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። የሥዕሉም ታሪክ ደስ ይላል። በ1590ዎቹ መጀመሪያ ሮም ላይ አንድ የዓረብኛ ወንጌል ታተመ። በውስጡ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው የእንጨት ህትመት ሥዕሎች ነበሩ። እነዚያ ሥዕሎች ወደ እኛ ገብተው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች በብራና ላይ በራሳቸው ቀለምና አሣሣል እንደገና ሠሯቸው። ጥቁርና ነጭ ህትመት ሄዶ ቀይና ቢጫ ሆነ ማለት ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ደግሞ፣ በብራዚል የኖረው ጀርመናዊ የእንጨት ቀራጭ ሐንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተምሯል። ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ ከእሱ ከተማሩት አንዱ ነው። የዘሪሁንን የእንጨት ህትመቶች ያየ ሰው «ከውጭ የመጣ» ለማለት ይከብደዋል።

«የትኛው እንጨት ይሻላል? የመቅረጫ መሣሪያስ ከየት ይገኛል?»

ዋንዛ ለስላሳ ነው፤ ለጀማሪ ይመቻል። ዝግባ ወጥ ነው፤ ቀጭን መስመር ይይዛል። ግን ለህትመት ብሎ ዝግባ የሚቆርጥ ሰው ማየት አልፈልግም። ከአናጺ ቤት ቁርጥራጭ ለምኑ፤ ሞልቷል። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ተዉት። ኮምፔንሳቶም ይሠራል፤ ላዩ ቢሸራረፍም ለሰፊ ቅርጽ ምንም አይልም። ምንም ይሁን ምን እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን።

ለሰፊው መሮ ይበቃል። ለቀጭኑ የተሰበረ ዣንጥላ ሽቦ ፈልጉ። ሽቦው ቦይ አለው፤ ጫፉን በድንጋይ ሞርዳችሁ እጀታ ስትሰኩለት ጥሩ ጥቃቅን መቅረጫ ይወጣዋል። የማትቀርጹበት እጅ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ ይሁን።

«ፊደል ስቀርጽ ተገልብጦ ታተመብኝ።»

በስስ ወረቀት ጻፊው። ከዚያ ጽሑፉን ወደ እንጨቱ አድርገሽ ለጥፊው። ጀርባውን ትንሽ ዘይት ስትቀቢው ፊደሉ ተገልብጦ ይታይሻል፤ እሱን ተከትለሽ ቅረጪ።

«ማሽን ከሌለ በምን ይታተማል?»

ለእንጨትና ለላይኖሊየም የእንጨት ማንኪያ ጀርባ ይበቃል። ወረቀቱን አልብሰህ በክብ በክብ እሸው። አንድ ጥግ ገልጠህ እየው፤ ካልያዘ መልሰህ እሸው። ተለቅ ላለ ሥራ ብረታ ብረት ቤት ሁለት ወፍራም ላሜራና የመኪና ክሪክ ያለው መጭመቂያ ያበጁልሃል። መዳብና ዚንክ ግን ሮለር ያለው ማሽን ይፈልጋል። እስከዚያው በባዶ የወተት ካርቶን ውስጠኛ ገጽ ላይ በመርፌ ጭረህ ሞክር። ጥቂት ቅጂ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለመማር ግን ግሩም ነው።

«ቀለሙን እዚሁ መሥራት ይቻላል?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። የህትመት ቀለም በመሠረቱ ጥላሸትና በሙቀት የወፈረ የተልባ ዘይት ነው። ሁለቱም ያለን ነገር ነው። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ አብዛኛው በቅጡ አይደርቅም። የተልባ ዘይት ግን አየር እየሳበ ይጠነክራል። ዘይቱ ማር እስኪመስል ይሞቃል፤ ጥላሸቱ በደንብ ተነፍቶ በጥቂት በጥቂቱ ይገባል፤ ከዚያ በመስታወት ላይ ረጅም ጊዜ ይታሻል። እሽታው ላይ አትስነፉ፤ ያልታሸ ቀለም ህትመቱን ያሻክረዋል።

አሁን አደጋውን ስሙኝ። ዘይቱን ቤት ውስጥ አታሙቁ። ውጭ፣ ክዳኑ አጠገብ ሆኖ፣ በትንሽ መጠን ይሁን። እሳት ከያዘው ውሃ አትድፉበት፤ ክደኑት። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ደግሞ ተጨባብጦ ከተቀመጠ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ቀለም መቀቢያ ሮለር የሌለው ሰው ከቆዳ ከረጢት ሰፍቶ ሱፍ ይጠቅጥቅበት። የጥንት አታሚዎች ቀለም ይቀቡ የነበረው በእንዲያ ያለ ነገር ነው።

«የብራና ቀለም ለዚህ ይሆናል ወይ? ብራናውስ ይታተምበታል?» (ከዜጌ፣ ቁም ጸሐፊ አባት)

አባ፣ ጥያቄዎን ስላመጡልን እናመሰግናለን። የእርስዎ ቀለም ውሃ አዘል ስለሆነ በሮለር አይዘረጋም፤ ይቋጥራል። ጃፓኖች ግን ውሃ አዘል ቀለምን ከሩዝ ሙጫ ጋር በብሩሽ እንጨቱ ላይ ቀብተው ያትማሉ። ስለዚህ በብሩሽ ቢሞከር ተስፋ አለው።

ብራና ይታተምበታል። ጉተንበርግም መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያትም የተወሰኑትን ቅጂዎች በብራና ነው ያወጣው። በጥቂቱ እርጥብ ማለት አለበት፤ ከበዛ ግን ይኮማተራል። የጠጉሩ ወገንና የሥጋው ወገን ቀለም የሚቀበሉበት መንገድ ይለያያል፤ እርስዎ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

ለወጣቶቹ ግን አንድ ነገር ልበል። ከአሮጌ መጽሐፍ የተገነጠለ ቅጠል እየገዛችሁ «አርት» አትሥሩበት። አንድ ቅጠል በተሸጠ ቁጥር አንድ መጽሐፍ ይጎድላል። ብራና ከፈለጋችሁ አዲስ ከሚፍቁት እዘዙ።

«እምቦጭ ወረቀት ይሆናል ሲሉ ሰማሁ። ደንገልስ?»

እምቦጭ ይሆናል፤ ለብቻው ግን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጠነክራል። ግንዱን ከትፋችሁ ከአመድ ውሃ ጋር ቀቅሉት፤ እጠቡት፤ ውቀጡት። ከዚያ ከተነከረ አሮጌ ወረቀት ጋር አደባልቁትና በወንፊት አውጡት። ሸካራ ይሆናል፤ ለሰፊ የእንጨት ቅርጽ ያምርበታል፣ ለቀጭን መስመር ግን አይሆንም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እርጥቡን ይዛችሁ ወደ ሌላ ውሃ አትሂዱ፤ ቁራጩ እንኳ ይበቅላል። ዳር ላይ አድርቁት።

ደንገል ሌላ ነው። ልቡ በስሱ ተሰንጥቆ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ ተደርድሮ ይጨመቃል፤ የጥንት ግብፃውያን ፓፒረስ ይህ ነው። የሚያምር ገጽ ያወጣል። ነገር ግን ደንገሉ ከጣና ዳር እየሳሳ ነው፤ ታንኳ የሚሠሩትም እሱን ነው የሚፈልጉት። ለሙከራ ጥቂት ዘንግ ይበቃል፤ ያንንም ከታንኳ ሠሪዎቹ ግዙ።

«የአርቲስት መጽሐፍ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? ሥዕል ያለበት መጽሐፍ?»

አይደለም። መጽሐፉ ራሱ ሥራው ሲሆን ነው። አገላለጡ፣ ክብደቱ፣ አጣጠፉ፣ ባዶ የተተወው ገጽ፣ ሁሉም ይናገራል። በዚህ እኛ ሀብታሞች ነን። የብራና መጻሕፍት በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል በክር ሰንሰለት ይጠረዛሉ፤ ብዙ ጊዜም ጀርባቸው ላይ ሙጫ የለም፤ ስለዚህ ሲገለጡ ዝርግ ብለው ይተኛሉ። ሰንሱል ደግሞ እንደ አኮርዲዮን ታጥፎ በአብዛኛው ሥዕል ይይዛል። ለህትመት ሠሪ ከሰንሱል የተሻለ ቅርጽ አላውቅም። አንድ ረጅም ህትመት ታጥፎ መጽሐፍ ይሆናል፤ ሲዘረጋ መልሶ አንድ ሥዕል ነው። የጣናን ዳር ከከተማው እስከ ዓባይ መውጫ በአንድ ሰንሱል የሚሠራ ሰው ቢመጣ ጥራዙን በነፃ አስተምራለሁ።

«ይህ የእጅ ሙያ ነው። ምርምር የሚባለው ምኑ ነው?» (መምህር)

ምርምር የሚያደርገው መዝገቡ ነው። አንድ እንጨት ይዘው ወረቀቱን ብቻ ይቀይሩ፤ ሌላው እንዳለ ይቆይ። በእያንዳንዱ ህትመት ጀርባ ቀለሙን፣ ወረቀቱን፣ እርጥበቱን፣ ቀኑን በእርሳስ ይጻፉ። የተበላሸውንም አይጣሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣ ተማሪ ከእሱ ይነሣል። ሁለተኛው መንገድ ጥያቄውን ከቦታው ማምጣት ነው፦ የክረምቱ እርጥበት የተልባ ቀለምን አደራረቅ ምን ያደርገዋል? የእምቦጭ ወረቀት ከዓመት በኋላ ቀለሙ ይለወጣል? እዚህ ከተማ ተቀምጦ የሚመለስ ጥያቄ ነው።

«ህትመት ላይ 3/20 ተብሎ የሚጻፈው ምንድን ነው?»

ከ20 ቅጂ 3ኛው ማለት ነው። ከሥዕሉ ግርጌ በእርሳስ ይጻፋል፤ ፊርማህ በቀኝ ይሆናል። ቁጥሩን ሳትጀምር ወስን፤ ገዢውም በዚያ አምኖ ነው የሚከፍልህ። ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ደግሞ አትሽጥ። ክረምት ላይ የተልባ ቀለም ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በገመድ ላይ በመቆንጠጫ ስቀለውና በየጊዜው ጥጉን በጣትህ ነካ አድርገህ እየው።