ጥያቄና መልስ፦ የደረቁት ጉድጓዶች የት አሉ?

ደብዳቤዎቻችሁ ተጠራቅመውብኛል። ዛሬ አራቱን ላንሳ።

አንድ የመሐል ሜዳ ተማሪ ጂኦሎጂና ጂኦግራፊ ልዩነታቸው ምንድን ነው ይላል።

ጂኦሎጂ ድንጋዩን ይሰብራል፤ ጂኦግራፊ ካርታ ላይ ያስቀምጠዋል። ፈተና ላይ እንዳትጽፈው ብቻ።

ሁለተኛው ደብረ ብርሃን የሚኖር ጂኦሎጂስት ነው። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቷል። አሁን ሶፍትዌር ከሚሠራ ጓደኛው ጋር ስታርትአፕ ሊከፍት ነው። ገበሬው የት ቢቆፍር ውሃ እንደሚያገኝ በስልክ የሚያሳይ መተግበሪያ። እናቱ «ደመወዝህን ጥለህ?» ብለው አኩርፈዋል። «ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ መተግበሪያው ሦስት ገጽ ጽፈሃል። ስለ ደረቅ ጉድጓድ አንድ መስመር የለም።

እኔም ከጂኦሎጂ መዶሻ ወደ ንግድ የገባሁ ነኝ። ሸሪኬ እንደ ጓደኛህ ኮድ ጸሐፊ ነበር። ካርታው ላይ «እዚህ ውሃ አለ» የሚል አረንጓዴ ነጥብ ይወድ ነበር። አንዱ ነጥብ ላይ ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው አስቆፈሩ። የወጣው ጭቃ ነው። ቆፋሪው በሜትር ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ገበሬዎቹ ግን የእኛን ዓይን ማየት አልፈለጉም።

ነገሩን አንተም ታውቀዋለህ። የእኛ አካባቢ ደጋ በአብዛኛው ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበረበት ነው። ውሃው ያለው በስንጥቁና በንብርብሮቹ መሐል ነው። ሬዚስቲቪቲ፣ ማለትም መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም፣ ስትለካ ውሃ ያዘለ ስንጥቅ ድንጋይም ሸክላ አፈርም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጡሃል። መሣሪያው ብቻውን አይለያቸውም። የሚያግዝህ በአቅራቢያው የተቆፈረ ጉድጓድ መዝገብ ነው፤ በተለይ የደረቀው። እሱን ደግሞ ማን ያስቀምጠዋል? ውሃ የወጣበት ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሳበታል። የደረቀውን ማንም ማስታወስ አይፈልግም።

እንግዲህ ገና አትልቀቅ። አንድ ዓመት ቆይና ያንን መዝገብ ሰብስብ። ግን በፍላሽ ገልብጠህ ሹልክ እንዳትል! መረጃው የአሠሪህና የደንበኞቹ ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ አስፈቅድ። ከጓደኛህም ጋር ሳትፈራረም ጠበቃ አማክር። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ እኔ ሳላማክር ፈርሜ ሁለት ዓመት ተካስሻለሁ። ሌላው፣ ጓደኛህ «ምናልባት» የሚለውን ቃል ስልኩ ላይ ለመጻፍ ፈቃደኛ መሆኑን ጠይቀው። የእኔው እምቢ አለ።

እናትህን አትቆጣቸው። የእሳቸውን ጥያቄ ባንኩም ይጠይቅሃል።

አንዲት እናት ከደብረ ሲና አካባቢ ጽፈዋል። ከቤታቸው ጀርባ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰፋል። «እናንተ በስልክ የምታዩት ነገር የለም ወይ?»

የለም እናቴ። ይህ በስልክም በደብዳቤም አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያው አካባቢ ይዛባ ወይን ላይ መሬቱ እንዴት እንደተንሸራተተ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ዛሬውኑ ለቀበሌዎና ለወረዳው ያመልክቱ። የጂኦሎጂ ባለሙያ በአካል መጥቶ እንዲያይ ይጠይቁ፤ ዝም ካሉ ይመላለሱባቸው። እስከዚያው ጎርፉን ከስንጥቁ የሚያርቅ ቦይ ያስቆፍሩ። ግራና ቀኙ ላይ ችካል ተክለው ርቀቱን በየሳምንቱ ያስለኩ። ዝናቡ የበረታ ሌሊት ግን ዘመድ ቤት ይደሩ። እባክዎ።

የመጨረሻው ከመንዝ ግሼ ፎቶ ልኮ «ኦፓል ነው?» ይላል።

መዘዞ ላይ ኦፓል መውጣቱ እውነት ነው። ፎቶው ላይ የሚታየው ግን አውራ ጣትህ ነው። ድንጋዩን ለከበረ ድንጋይ ባለሙያ አሳየው።