ሌቭል ሲሏችሁ «የምኑ? ከየት ተለክቶ?» በሉ

ሰላም ልጆች እንደምን ከረማችሁ። ይሄን የምጽፈው በተለይ ከቴክኒክና ሙያም ሆነ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ እዚህ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሳይት መዋል ለጀመራችሁት ነው። እኔ ዕድሜዬን ሰርቬይ ላይ፣ መሬት ስለካ ነው የጨረስኩት፣ ከመንዝ ውርጭ እስከ ሸዋሮቢት ሙቀት ትራይፖድ ተሸክሜ ዞሬያለሁ፣ እና ሳይት ላይ ገንዘብ ሲያስበላ ያየሁት ነገር አብዛኛው የእውቀት ማነስ አይደለም፣ ሁለት ሰው አንድ ቃል ተናግሮ ሁለት ነገር ማሰቡ ነው።

ሌቭል የምትለዋን ውሰዱ። ሰርቬየር «ሌቭል አምጣ» ሲል በትራይፖድ የሚቆመውን መሳሪያ ነው፣ ግንበኛው ሲል ደግሞ ውሃ ልኩን ነው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ድሮዊንግ ላይ ስትሆን ከፍታ ናት። ቢሮ ስትሄዱ «በዞን ሌቭል ተወስኗል» ይሏችኋል፣ እሱ የስልጣን እርከን ነው፣ ያልገባው ልጅ ወረዳ በር ላይ ሲመላለስ ይከርማል ጉዳዩ ግን ዞን ነው ያለው። ሰርተፍኬታችሁ ላይ ሌቭል 4 ሲል የሙያ ብቃት ነው፣ የስራ ማስታወቂያ ላይ ኢንትሪ ሌቭል ሲል ጀማሪ እንፈልጋለን ማለቱ ነው። እዚህ ጋር ልብ በሉ፣ ሌቭል 4 ያለው ልጅ ኢንትሪ ሌቭል የሚለውን አይቶ «ከኔ በታች ነው» ብሎ ሳያመለክት ሲያልፍ አይቻለሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም አንዱ የተማርከውን ነው የሚለካው ሌላው የሰራኸውን ዘመን።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚበላሸው። ከፍታ ብቻውን ቁጥር አይደለም፣ ከሆነ ቦታ የተለካ ቁጥር ነው። ደብረ ብርሃን 2840 ሜትር አካባቢ ናት ስንል ከባህር ጠለል ነው፣ ዳሎል ደግሞ ከባህር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፣ ባህሩን ካነሳችሁት ሁለቱም ቁጥር ትርጉም የለውም። ሳይት ላይ የባህሩን ቦታ የሚይዘው ቤንችማርኩ ነው፣ ከፍታ ሁሉ ከሱ የሚለካበት የማይነቃነቅ ምልክት ማለት ነው። እና አንዱ ተቋራጭ ቤንችማርኩን 2840.000 ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው እዚያው ድንጋይ ላይ ለሂሳብ ይቅለለኝ ብሎ 100.000 ይለዋል፣ ከዚያ አንዱ 2838.500 ሲል ሌላው 98.500 ይላል፣ አንድ ነጥብ ነው! ሳይነጋገሩ ግን አንዱ የሌላውን ወረቀት ተቀብሎ ሲቆፍር አስቡት።

አነባበቡንም አንዴ ላሳያችሁ። ስታፉን፣ ቁጥር ያለበትን ረጅሙን መለኪያ ዘንግ ማለቴ ነው፣ ቤንችማርኩ ላይ አቆማችሁ በመሳሪያው 1.450 አነበባችሁ እንበል፣ 2840.000 ላይ ስትደምሩት የመሳሪያው ከፍታ 2841.450 ሆነ። ከዚያ ስታፉ መሰረቱ ጋ ሄዶ 2.150 ካነበባችሁ ትቀንሳላችሁ፣ 2839.300 ነው። ንባቡ ሲጨምር መሬቱ እየወረደ ነው፣ አዲስ ልጆች ይሄ ነው የሚያምታታቸው፣ ትልቅ ቁጥር ያዩና ከፍ ያለ ቦታ ይመስላቸዋል። ሌላ ደግሞ ቦታውን እዩ፣ ጣርማበር ላይ ጉሙ ሳይገለጥ አታንብቡ፣ ሸዋሮቢት እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ከመሬት እየተንቀለቀለ ስታፉን ያስጨፍረዋል፣ እዚያ በጠዋት ነው መጨረስ።

ከፍታም ሆኖ ደግሞ አይነቱ ብዙ ነው። ኤንጂኤል የተፈጥሮ መሬቱ ነው ሳይነካ። ኤፍኤፍኤል ያለቀለት ወለል ነው፣ ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ እግር የሚረግጠው። ስላቡ፣ የአርማታው ወለል ማለት ነው፣ ግን ከሱ ዝቅ ብሎ ነው የሚሞላው፣ ለሲሚንቶ ንጣፉና ለሴራሚኩ 5 ሴንቲ ተትቷል እንበል። አንድ ሳይት ፎርማኑ ድሮዊንጉ ላይ ሌቭል የሚለውን አይቶ አርማታውን እስከ ኤፍኤፍኤሉ አስሞላው፣ ከዚያ ሴራሚኩ ሲነጠፍ ወለሉ 5 ሴንቲ ከፍ አለ፣ በሮቹ አልገባ አሉ ተቆረጡ፣ ይሄስ ይሁን፣ ደረጃው ነው የከፋው። የመርገጫው ከፍታ እያንዳንዱ 16 ሴንቲ ሆኖ ከታች መጥቶ የመጨረሻው 21 ሆነ፣ ከዚያ ወለል ወደ ላይ የሚጀምረው የመጀመሪያው ደግሞ 11። እግር 16 ከለመደ በኋላ ሳያይ ነው የሚረግጠው፣ አሮጊት ሴት እዚያ ላይ ብትደናቀፍ ተጠያቂው ማነው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ አይነቱ ነው፣ አርማታ ከደረቀ በኋላ ምንም አታመጡም።

ከሳይት ውጪም ያው ነው። ጤና ጣቢያ የእናታችሁ የስኳር ሌቭል 130 ነው ቢሏችሁ ከመደንገጥ በፊት ሳትበላ ነው በልታ ብላችሁ ጠይቁ፣ ምግብ ሳይቀመስ ጠዋት 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደጋገም ነው የስኳር በሽታ የሚባለው፣ ከምሳ በኋላ ከሆነ 130 ሌላ ወሬ ነው። የመኪና ዘይት ሌቭልም ዳገት ላይ አቁማችሁ ብታዩት ይዋሻችኋል፣ ሜዳ ላይ ሞተሩን አጥፍታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ነው።

እና ልጆቼ መጠየቅ አትፈሩ፣ በተለይ አለቃችሁ ሲቸኩል። «የቱ ሌቭል ነው ጋሼ፣ ያለቀለት ነው ወይስ ስላቡ?» ያለ ልጅ አላዋቂ አይባልም፣ እኔ እንዲያውም ያንን የሚጠይቀኝን ነው ሳምነው የኖርኩት። የሳይት ደብተራችሁ ላይ ሌቭል የሚል ቃል ብቻውን አትጻፉ፣ ኤፍኤፍኤል ወይ ኤንጂኤል በሉና ከየትኛው ቤንችማርክ እንደተነሳችሁ፣ ቀኑንና ያነበበውን ሰው ስም አስቀምጡ። ቱቦ በውሃ ሞልታችሁ ልክ ስታዩም ውስጡ የአየር አረፋ አለመኖሩን እዩ፣ አረፋ ካለ ሁለቱ ጫፍ እኩል መስሎ ያሳስታል። ማታ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ቤንችማርኩ ላይ ተመልሳችሁ እንደገና አንብባችሁ ዝጉት፣ ከተነሳችሁበት ቁጥር ጋር ካልገጠመ ነገ ጠዋት አርማታ አይሞላም ብላችሁ ለፎርማኑ ንገሩት፣ ሚክሰሩ ተከራይቷል ቢልም፣ ቢቆጣም ይቆጣ።