የእናት ቡናማ ጥርስ፣ የልጅ ነጭ መስመር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ያደግሁት ዝዋይ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ እየጠጣሁ በመሆኑ የፊት ጥርሶቼ ቡናማ ናቸው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው የ8 ዓመት ልጄ ደግሞ ሰሞኑን በላይኛው የፊት ጥርሱ ላይ፣ ከድዱ ሥር፣ ጠመኔ የመሰለ ነጭ መስመር ታይቶበታል። ከእኔ ወርሶት ይሆን?

መልስ፦ አልወረሰም። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን በክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ነው። የቋሚ የፊት ጥርሶች ኢናሜል ከልደት እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ገደማ ይሠራል፤ በዚያ ዕድሜ ፍሎራይድ የተባለውን በውኃ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ የጠጣ ልጅ ማዕድኑ በደንብ ሳይጠጥር ስለሚቀር ጥርሱ ውሎ አድሮ ቀለም ይይዛል። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ ማለትም በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ በላይ ፍሎራይድ አለው። የእርስዎ ጥርስ ቀለም የመጣው ከውኃው ነው፤ በከሰል መፋቅም ሽፋኑን ይሸረሽራል እንጂ አያነጣውም።

የልጅዎ መስመር ግን ሰሞኑን የታየና ምግብ የሚጋገርበትን የድድ ጠርዝ የተከተለ በመሆኑ፣ የመበስበስ መጀመሪያ ሳይሆን አይቀርም። ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጡና የአፍ ፒኤች (ቁጥሩ ሲቀንስ አሲድነቱ መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ካልሲየምና ፎስፌት ከኢናሜሉ ይወጣሉ፤ ምራቅ አሲዱን ሲያረግብ ደግሞ በከፊል ይመለሳሉ። አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ በአንድ ጊዜ ከመጠጣት ይልቅ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ መዋል የሚከፋው ለምራቁ ፋታ ስለማይሰጥ ነው።

ጥርሱን በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው ይመልከቱት። ማዕድኑ በወጣበት ስፍራ ያሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች ከውኃ ይልቅ አየር ሲይዙ ነጩ ይበልጥ ይጎላል። በመርፌ ግን አይነካኩት፤ ላዩን የቀረው ስስ ሽፋን ከተሰበረ ኢናሜል የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ሲበቅል ስለጠፉ ጉድጓዱን የሚጠግን የለም፤ መሞላት ብቻ ይቀረዋል።

ሽፋኑ እስካልተሰበረ ድረስ ግን ሂደቱ ሊገታ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ የሚያግዘውም ያው የእርስዎን ጥርስ ያበላሸው ፍሎራይድ ነው። ልዩነቱ ጊዜውና መጠኑ ነው፤ የልጅዎ የፊት ጥርስ ተሠርቶ ስላለቀ ከውጭ የሚነካው ጥቂት ፍሎራይድ የሚመለሰውን ማዕድን አሲድ ይበልጥ እንዲቋቋም ያደርገዋል። በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና፣ የአተር ፍሬ በምታህል መጠን፣ ጠዋትና ማታ ይቦርሽ፤ አረፋውን ይትፋ፣ በብዙ ውኃ ግን አይጉመጥመጥ። መስመሩ ሻካራ ከሆነ ወይም ከቡናማ ቀለም ጋር ከተሰረጎደ ሳይውል ሳያድር ለጥርስ ሐኪም ያሳዩት።